ጋሼ ያልመጡ ቀን

«ካልመጡ አለቀ፤ አሸነፍሽ ማለት ነው።»

ፍርድ ቤት ቀጠሮ አለኝ ያልኩት ሰው ሁሉ የመለሰልኝ ይህንኑ ነው። የሥራ ባልደረባዬም፣ የአክስቴ ልጅም፣ ሹሩባ የምትሠራኝ ልጅም። ግማሹ ልክ ነበር፤ አልመጡም። «አለቀ» የሚለው ግን ገና ነበር። ተከሳሽ ያልመጣበት ክርክር ከመጣበት ይልቅ ሥራ ይበዛዋል። ሥራው ደግሞ ሁሉ የሚወድቀው በመጣው ሰው ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሎስ አንጀለስ፣ ሊትል ኢትዮጵያ ከሚባለው የፌርፋክስ ጎዳና ብዙም በማይርቅ ሰፈር፣ የአንድ ሐበሻ ግቢ ውስጥ የጓሮ ቤት ተከራይቼ እኖር ነበር። ስማቸውን አልጽፍም። ስኖርም «ጋሼ» ነበር የምላቸው፤ እዚህም ጋሼ ይሁኑ። ክፉ ሰው አልነበሩም። በዓል ሲመጣ ባለቤታቸው ድፎ ዳቦ ይልኩልኛል። እኔም ፋርማሲ ስሄድ የሳቸውን መድኃኒት ይዤ እመለሳለሁ። ቤቱን ስለቅ ግን የ2,200 ዶላር ዲፖዚቴን፣ ስገባ ያስያዝኩትን ገንዘብ፣ ያዙት። መጀመሪያ «ቀለም ላስቀባና» አሉ። ቀጥሎ «የኔ ልጅ፣ ገንዘቡ የትም አይሄድም» የሚል ቴክስት መጣ። ከዚያ በኋላ ስልካቸው አይነሳም።

የካሊፎርኒያ ሕግ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ተከራይ ከወጣ በ21 ቀን ውስጥ አከራይ ወይ ማስያዣውን ይመልሳል፣ ወይ ምን ላይ ስንት እንዳወጣ ዘርዝሮ ቀሪውን ይልካል። ቤት በመኖር ብቻ ለሚመጣ እርጅና ተከራይ አይጠየቅም። አከራዩ ገንዘቡን የያዘው በክፉ ልብ ነው ተብሎ ከታመነ ደግሞ ዳኛው በላዩ ላይ የማስያዣውን እጥፍ ድረስ ሊያስከፍለው ይችላል። እጥፉን አልጠየቅሁም። ድፎ ዳቦው ይዞኝ መሰለኝ።

ከመክሰሴ በፊት ሽማግሌ ልኬአለሁ። ሄዱ፣ ቡና ጠጡ፣ ተመለሱ። «ተይው ልጄ፣ የአባትሽ እኩያ ናቸው። ለሁለት ሺህ ዶላር ሐበሻ ሐበሻን ኮርት ያቆማል እንዴ?» አሉኝ። አከብራቸዋለሁ። ግን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» እያሉ ያሳደጉን እነሱው ናቸው። እኔን የከነከነችኝም ጭብጦዋ ናት። ጋሼ ገንዘቡ የሚገባቸው ከሆነ አንድ የማያውቀን ሰው ሰምቶ «ይገባቸዋል» ይበለኝ፤ በደስታ ባይሆን በዝምታ እተዋለሁ።

እዚህ አገር ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ስሞል ክሌምስ የሚባል ችሎት አለ። በካሊፎርኒያ አንድ ግለሰብ እስከ 12,500 ዶላር ድረስ እዚያ መክሰስ ይችላል። ጠበቃ አይቆምልህም፤ ለሁለቱም ወገን ክልክል ነው። ከሳሽ ከተሸነፈ በራሱ ክስ ይግባኝ ማለት አይችልም፤ ተከሳሽ ግን ይችላል። የመክፈቻው ክፍያ እንደ ገንዘቡ መጠን ከ30 እስከ 75 ዶላር ነው፤ የኔ 50 ሆነ። በየካውንቲው፣ በየአውራጃው እንደማለት ነው፣ ነጻ አማካሪ መኖሩን ብዙ ሰው አያውቅም። ደውላችሁ ጠይቁ፣ አያሳፍሯችሁም።

ክስ መክፈት ቀላል ነው። መከራው መጥሪያው ላይ ነው።

መጥሪያውን ራስህ ይዘህ ሄደህ «እንኩ» ማለት አትችልም። የክሱ ተካፋይ ያልሆነ፣ 18 ዓመት የሞላው ሰው ነው የሚያደርሰው። ሸሪፍ (የካውንቲው ፖሊስ) ይሆናል፣ በክፍያ የሚሠራ አድራሽ ይሆናል፣ ጓደኛም ይሆናል። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ በአደራ ፖስታ እንዲልክልህ ማድረግም ይቻላል። እኔ መጀመሪያ የመረጥኩት ፖስታውን ነው፤ ሰው ፊት ለፊት ባይጋፈጥ ይሻላል ብዬ። የመድረሻው ካርድ ተፈርሞ ተመለሰ። ፊርማው ግን የባለቤታቸው ነው። አማካሪዋን ስጠይቃት በስልክ ውስጥ ራስዋን ስትነቀንቅ የታየኝ ያህል ነበር። በፖስታ ከሆነ መፈረም ያለባቸው ራሳቸው ተከሳሹ ናቸው። ዳኛው ይህን ካርድ አይቶ «አልደረሳቸውም» ቢል አይፈረድበትም።

እንግዲህ ሰው መላክ ግድ ሆነ። ጓደኛዬ ቅዳሜ ጠዋት ወረቀቱን ይዞ ሄደ። ጋሼ ግቢው ውስጥ የሎሚ ዛፋቸውን ውኃ እያጠጡ ነበር። እጅ ነሥቶ፣ ደኅንነታቸውን ጠይቆ፣ ከዚያ ወረቀቱን ዘረጋ። ጋሼ የውኃውን ጎማ አልለቀቁም። «ለማን ነው?» አሉ። «ለርስዎ ነው ጋሼ፣ የፍርድ ቤት ወረቀት ነው።» «እኔ ፍርድ ቤት ምንም ጉዳይ የለኝም፤ ውሰድልኝ» አሉና ጀርባቸውን ሰጡት። እሱም አስቀድሞ እንደተነገረው ወረቀቱን አጠገባቸው፣ ደረቅ ቦታ ፈልጎ፣ ደረጃው ላይ አስቀመጠና «የፍርድ ቤት መጥሪያ ነው፤ እዚህ ትቼልዎታለሁ» ብሎ ወጣ። ሰው አልቀበልም ቢልም ፊቱ ከተተወለት ደርሶታል ይባላል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ያልያዙት ወረቀት ያልደረሰ ይመስላቸዋል።

ባለቤታቸው በሩን ከፍተው ወረቀቱን ከጓደኛዬ እጅ ቢቀበሉና ቅጂው በፖስታ ቢላክላቸውም ይሠራ ነበር። ግን እንዲህ ሲሆን ከተላከበት ቀን ሌላ 10 ቀን ይታሰባል። ለራሳቸው በእጅ ከሆነ ተከሳሹ እዚያው ካውንቲ የሚኖር እስከሆነ ድረስ ከቀጠሮው 15 ቀን ቀድሞ መድረስ ነው ያለበት፤ ከካውንቲው ውጭ ከሆነ 20። ያደረሰው ሰው መቼ፣ የትና እንዴት እንዳደረሰ ቅጽ ሞልቶ ይፈርማል፤ ቅጹም ከቀጠሮው 5 ቀን ቀድሞ ፍርድ ቤት ይገባል። አሰልቺ ነው። ቆይቼ እንዳየሁት ግን ከመዝገቡ ውስጥ ዳኛው መጀመሪያ የገለጠው ያንን ወረቀት ነው።

ባላጋራን ችሎት ፊት ማምጣት የዛሬ ጣጣ አይደለም። በአገራችን በድሮው ሥርዓት ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን አጣምረው ይቋጥሩና ተቆራኝተው ዳኛ ዘንድ ይሄዱ ነበር። ባለዕዳና አበዳሪ በሰንሰለት ተያይዘው የሚውሉበትም ጊዜ ነበር። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይቀመጣሉ፣ ምናልባትም አብረው ይበላሉ። በዚያ አሠራር «አልደረሰኝም» የሚባል ነገር የለም። ጭካኔው ጭካኔ ነው፤ ይመለስ የሚል የለም። ሆኖም ከጋሼ ጋር በአንድ ነጠላ ታስረን ሳንታ ሞኒካ ፍሪዌይ ላይ ስንሄድ አስቤ ብቻዬን ስቄአለሁ።

ቀጠሮው ዳውንታውን፣ ሂል ጎዳና ላይ ባለው በስታንሊ ሞስክ ፍርድ ቤት ነበር። መኪና ማቆሚያው ውድ ነው፤ ከተቻላችሁ በባቡር ሂዱ። ችሎቱ ፊልም ላይ እንደምናየው አይደለም። የክፍሉ አግዳሚ ወንበር በሰው ሞልቷል። አንዱ የመኪና ግጭት ፎቶ ይዟል፤ አንዷ በሴት ልጅዋ ሠርግ ቀን ያልመጣ የፎቶ አንሺ ውል ይዛለች። ሁላችንንም በአንድ ላይ ቀኝ እጃችንን አስነሥተው አስማሉን። ከዚያ «ባላጋራችሁ ከመጣ ውጡና ኮሪደር ላይ ማስረጃችሁን ተያዩ፤ ከቻላችሁም ተስማሙ» ተባለ። ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ወጡ። የተቀመጥነው ጥንድ የሌለን ነን።

እውነቱን ልናገር፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ዞር እል ነበር። እንዲመጡ ነበር የምፈልገው። መጥተው ይቆጡኝ፣ «ይቺ ልጅ ውለታ ቢስ ናት» ይበሉ፣ ዳኛውም ይስማ። ለሽማግሌ መልስ ያልሰጡኝ ሰው እዚህ ይሰጡኛል ብዬ ነበር የመጣሁት። ገንዘቡ ሁለተኛ ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ግን መልሱም ቀላል አልነበረም።

ስማችን ተጠራ። የሳቸው ስም ሁለት ጊዜ ተጠራ። ፖሊሱ ወጥቶ ኮሪደር ላይም ጠራቸው። የአማርኛ ስም በእንግሊዝኛ አፍ ሲጠራ እንኳን ባለቤቱ ወላጅ እናቱም አታውቀውም። እኔ ተነሥቼ ስሙን በትክክል ጠራሁት። ማንም አልመለሰም።

ዳኛው መዝገቡን ገለጠ። «መጥሪያውን ያደረሰው ማን ነው? ዘመድሽ ነው? የት ነው ያገኛቸው? መቼ?» መለስኩ። ቀኑን በጣቱ ቆጠረ፤ ከ15 በላይ ነው። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ አስደነገጠኝ። «ተከሳሹ በአሁኑ ሰዓት ወታደራዊ አገልግሎት ላይ ናቸው?» ጋሼን የሚያውቅ ሰው ይስቃል። ጉልበታቸውን እያሻሹ ነው ከወንበር የሚነሡት። ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። እዚህ አገር ግዳጅ ላይ ያለ ወታደር በሌለበት እንዳይፈረድበት የሚጠብቅ የፌዴራል ሕግ አለ። የአሁኑ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ሲሆን ሥሩ እ.ኤ.አ. በ1940 ከወጣው ሕግ ይመጣል። «አይደሉም፣ ጡረተኛ ናቸው» አልኩ።

አሁን ይፈርዳል ብዬ ጠበቅሁ። አልፈረደም። «እሺ፣ ታሪክሽን ንገሪኝ» አለኝ።

ይኼ ነው «ካልመጡ አለቀ» ያሉኝ ሰዎች የማያውቁት። የተከሳሹ አለመምጣት ማመን አይደለም። ዝም ያለ ሰው «አዎ፣ አለብኝ» አላለም፤ ምንም አላለም። ስለዚህ ዳኛው ሕጉ እንደሚያዘው ከሳሽ የሚለውን በማስረጃ እንዲያሳይ ይጠይቃል። የኪራይ ውሌን ሰጠሁ። ዲፖዚቱን በዜል፣ በስልክ ገንዘብ መላኪያው፣ የላክሁበትን የባንክ ወረቀት ሰጠሁ። ቁልፍ ያስረከብኩበትን ቀን የሚያሳይ ቴክስት፣ ስወጣ ያነሣኋቸውን ፎቶዎች፣ በእንግሊዝኛ የጻፍኩላቸውን የመጨረሻ ደብዳቤ ሰጠሁ። የአማርኛዎቹ ቴክስቶች ከእንግሊዝኛ ትርጉማቸው ጋር ተያይዘዋል። «የኔ ልጅ፣ ገንዘቡ የትም አይሄድም» የሚለው ላይ ሲደርስ ዳኛው ትንሽ ቆየ። ገንዘቡ እሳቸው ጋ መሆኑን የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አልነበረኝም፤ የጻፉትም በፍቅር ነበር።

ከዚያ መነጽሩን አወለቀና እንዲህ አለኝ፤ «ዛሬ እዚህ ቢኖሩ ምን የሚሉ ይመስልሻል?»

ለዚህ አልተዘጋጀሁም ነበር። ሰው ለክርክር ሲዘጋጅ የባላጋራውን ቃል የሚያጠናው ሊመታው ነው እንጂ ሊናገርለት አይደለም። አሁን ግን ከኔ በቀር የጋሼን ነገር የሚያውቅ ሰው ክፍሉ ውስጥ የለም። ብዋሽ የሚያጋልጠኝ የለም። ዝም ብል የሚጠይቀኝ የለም። ለዚህ ይመስለኛል ጥያቄው የከበደኝ።

«ስለ ቀለሙ ያነሡ ነበር» አልኩ። «ግድግዳው ቆሽሿል፣ አስቀብቻለሁ ይሉ ነበር። ደግሞ የመኝታ ቤቱ መስኮት መከለያ፣ ብላይንዱ፣ ተሰብሯል። እሱ እኔ እያለሁ ነው የተሰበረው።»

ስለ ቀለሙ ስንት ዓመት እንደኖርኩ ጠየቀና ተራ እርጅና ነው ብሎ አለፈው። ስለ ብላይንዱ ዋጋውን ጠየቀኝ። በርግጥ አላውቅም። «አንድ 60 ዶላር ይሆናል» አልኩ። ጻፈው።

ውሳኔው እዚያው አልተነገረኝም። በፖስታ መጣ። 2,140 ዶላርና የመክፈቻው 50፣ በድምሩ 2,190። ያን ቀን ለአክስቴ ልጅ ደውዬ «ረታሁ» አልኳት። «ገንዘቡን መቼ ይሰጡሻል?» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው።

ፍርድ ቤት ገንዘብ አያስከፍልልህም፤ ይገባሃል የሚል ወረቀት ነው የሚሰጥህ። ወረቀቱም ወዲያው አይሠራም። ያልቀረበ ተከሳሽ የፍርዱ ማስታወቂያ በፖስታ ከተላከበት ቀን ጀምሮ 30 ቀን አለው። በዚህ ጊዜ «ፍርዱ ይነሣልኝ፣ ያልመጣሁት በቂ ምክንያት ስለነበረኝ ነው» ብሎ ማመልከት ይችላል። ታሞ ሊሆን ይችላል፣ ሐዘን ላይ ሊሆን ይችላል። በቀጥታ ግን ይግባኝ ማለት አይችልም፤ መጀመሪያ መጥቶ ያልመጣበትን ማስረዳት አለበት። መጥሪያው በትክክል ያልደረሰው ከሆነማ ጊዜው ይረዝማል፤ ፍርዱን ካወቀበት ወይም ማወቅ ከነበረበት ቀን 180 ቀን። ለዚህ ነው የባለቤታቸውን ፊርማ ይዤ ችሎት ብገባ ኖሮ የማዝነው። በስድስተኛው ወር አንድ ማመልከቻ መጥቶ ሁሉንም ከዜሮ ያስጀምረው ነበር።

እነዚያን 30 ቀናት የፖስታ ሳጥኔን ስከፍት ልቤ ይመታ ነበር። እንዲያውም ተናድጄ ነበር። ሰው ተጠርቶ፣ ንቆ ቀርቶ፣ ከዚያ ደግሞ ሕጉ «በል እስኪ ምክንያትህን» ይለዋል? አዲስ አበባ ያለ ጠበቃ ጓደኛዬን ደውዬ አማረርኩበት። ሳቀብኝ። «የኛስ ምን የተለየ መሰለሽ?» አለኝ።

እውነቱን ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን አንቀጽ 70 ላይ ተመሳሳይ ነገር አለ። መጥሪያው በደንብ መድረሱ ከተረጋገጠና ተከሳሹ ከቀረ ክርክሩ በሌለበት ይሰማል። መድረሱ ካልተረጋገጠ ሁለተኛ መጥሪያ ይወጣል። መጥሪያው ያልደረሰው በከሳሹ ጥፋት ከሆነ ደግሞ መዝገቡ ሊዘጋ ይችላል። አንቀጽ 78 ደግሞ በሌለበት የተፈረደበት ሰው ፍርዱን ካወቀ በአንድ ወር ውስጥ እንዲነሣለት ማመልከት ይችላል ይላል። በኛው ሕግ ቆጠራው የሚጀምረው ሰውዬው ካወቀበት ቀን ነው፤ እዚህ ከፖስታው ቀን። ጓደኛዬ እንደሚለው የሱ ደንበኞች ትልቁ ራስ ምታት ፍርድ ማግኘት አይደለም። ተከሳሹ ያልታወቀ አድራሻ ሲሆን፣ መጥሪያው በር ላይ ሲለጠፍ፣ በጋዜጣ ሲጠራ፣ ከዚያ በዓመቱ «ጋዜጣ አላነብም» ብሎ ሲመጣ ነው።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ንዴቴ በረደ ማለት አልችልም። ነገር ግን አንድ ነገር ገባኝ። ያ ክፍል ውስጥ የተባለው ሁሉ እኔ ያልኩት ነው። ፎቶዎቹን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ቴክስቶቹን ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። የብላይንዱን ዋጋ እንኳ የገመትኩት እኔ። አንድ ሰው ብቻውን ተናግሮ የተጻፈ ፍርድ አንድ ወር ቢቆይ ያን ያህል አይበዛበትም። የኔ እህት በሌለችበት 10,000 ዶላር ቢፈረድባት ያቺን አንድ ወር እግዚአብሔር ይስጥልን ነው የምላት።

ጋሼ አላመለከቱም። ሠላሳው ቀን አለፈ።

ከፍርዱ ማስታወቂያ ጋር ለተረታው ሰው ንብረቱን የሚዘረዝርበት ቅጽ አብሮ ይላካል፤ ካልከፈለ ሞልቶ ለረታው ሰው መላክ አለበት። አልመጣም። ይህን ያልሞላ ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ እንዲመረመር ማስጠራት ይቻላል፤ ያን ጊዜ ከቀረ ነገሩ እስከ እስር ትእዛዝ ሊሄድ ይችላል። እዚያ ድረስ መሄድ አልፈለግሁም። የዳቦውን ባለቤት በር ላይ ሸሪፍ ቆሞ እንዲታይ አልፈልግም። የባንክ ሒሳብ ማስያዝም አለ። እሳቸው ግን የሚኖሩት በሶሻል ሴኩሪቲ፣ በመንግሥት ጡረታ፣ ነው፤ እሱን ደግሞ እንደኔ ያለ ባለገንዘብ አይነካውም፣ ባይነካውም ደስ ይለኛል።

ቤት ግን አላቸው።

አማካሪዋ ናት የነገረችኝ። ከፍርድ ቤቱ የፍርዱን አጭር ግልባጭ በክፍያ ታወጫለሽ፣ ኖርዋክ ያለው የካውንቲው መዝጋቢ ቢሮ ትወስጂና ታስመዘግቢያለሽ። ከዚያ በኋላ በዚያ ካውንቲ በስማቸው ባለ ቤት ሁሉ ላይ ዕዳሽ ተቀመጠ ማለት ነው። ማንም በር አያንኳኳም፣ ማንም ደመወዝ አይነካም። ቤቱን ሲሸጡ ወይም ብድሩን ሲያድሱ ግን መጀመሪያ ይህ ይጠየቃል። ፍርዱ 10 ዓመት ይጸናል፤ ይታደሳልም። ወለዱ በዓመት 10 በመቶ ነው፤ የኔ 2,190 ላይ ሲሰላ በቀን 60 ሳንቲም። አስመዝግቤ ወጣሁና ተውኩት። እውነት ለመናገር ከሁሉም ደረጃ ይኼ ነው ደስ ያለኝ። ጸጥ ያለ፣ ማንንም የማያዋርድ፣ ግን የማይረሳ።

ከብዙ ወራት በኋላ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ልጃቸው ናት፤ እዚሁ ያደገች፣ እንግሊዝኛውን ከአማርኛው የምታፈጥን። አባቷ የቤቱን ብድር ሊያድሱ ሲሉ ባንኩ አንድ ስም አገኘ። «እኔ ምንም አልሰማሁም ነበር፤ ለምን ለኔ አልደወልሽም?» አለችኝ። ቁጥሯ አልነበረኝም። ስንት እንደሆነ ጠየቀች፣ ነገርኳት፣ በማግስቱ የባንክ ቼክ ይዛ መጣች። ሰው ሲከፍልህ ደግሞ ያንተ ተራ ነው፤ ተከፍሎኛል የሚለውን ቅጽ ፈርመህ ለፍርድ ቤቱ ታስገባለህ፣ በቤቱ ላይ ያስመዘገብከውም እንዲነሣ ማረጋገጫውን ትሰጣለህ። ይህን ችላ የሚሉ አሉ። አትበሉ፤ ሕጉም ይቀጣል፣ ነውርም ነው።

ጋሼ ራሳቸው የደወሉት ከዚያ በኋላ ነው። ሰላምታው ረዘም ያለ ነበር። እናቴን ጠየቁ፣ ሥራዬን ጠየቁ። ከዚያ ዝም አሉ፤ እኔም ዝም አልኩ።

«ፍርድ ቤት ቆመሽ ስለኔ ምን አልሽ?» አሉኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ውሉ፣ ስለ ቴክስቱ፣ ዳኛው እሳቸው ቢኖሩ ምን ይሉ ነበር ብሎ እንደጠየቀኝ።

«ታዲያ ምን አልሽው?»

«ስለ ቀለሙ ነገርኩት። ብላይንዱም መሰበሩን ነገርኩት።»

«ብላይንዱን ነገርሽው?» ድምፃቸው ተለወጠ።

«አዎ ጋሼ። 60 ዶላር ቀንሶልዎታል።»

«ስድሳ?» አሉ። «ስድሳ ማን አለው? በ90 ነው የገዛሁት! ደረሰኙ አለኝ።»

«ጋሼ፣ መጥተው ቢያሳዩት ኖሮ እኮ…»

«ከልጄ እኩያ ጋር ዳኛ ፊት ልቆም? በዚህ ዕድሜዬ? እንዲያው አልሄድም፣ ካልሄድኩ ይቀራል ብዬ ነው» አሉኝ። ከዚያ ቆይ ብለው ስልኩን አስቀመጡት። መሳቢያ ሲከፈት ይሰማኛል፣ ወረቀት ሲገለበጥ፣ ባለቤታቸውን መነጽሬ የት አለ ሲሉ።

ማታ ፎቶው በቴክስት መጣ። ደረሰኙ ትንሽ ደብዝዟል፤ ቁጥሩ ግን ይነበባል። 89 ዶላር ከ99 ሳንቲም። 30 ዶላሩን በዜል ላኩላቸው።